ተጠንቀቁ፦ 28 ሺህ ብር ከፍዬ ኦቶፓይለት ሲያበር አይቼ ተመለስኩ

ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው፤ ፊደል ብገድፍ ይቅርታ።

ቴሌግራም ላይ «የአይኤልኤስ አፕሮች ስልጠና በዘመናዊ ሲሙሌተር፣ ከሎግቡክና ሰርተፍኬት ጋር» የሚል ማስታወቂያ ያያችሁ ካላችሁ ብራችሁን ያዙ። ዓይነታቸውን ታውቁታላችሁ። ቦሌ አካባቢ ሕንፃ ላይ አንድ ክፍል ይከራያሉ፣ በሩ ላይ ትልቅ የአውሮፕላን ፎቶ ይለጥፋሉ፣ «ቅናሹ አርብ ያበቃል»፣ «የቀረው ሁለት ቦታ ነው» ይላሉ፣ ግማሹን ወዲያው በቴሌብር፣ ቀሪውን ሳምንት ሳይሞላ ይቀበላሉ። ስማቸውን የማልጠራው ፈርቼ አይደለም። ብጠራው ነገ ታፔላ ቀይረው ሌላ ፎቅ ላይ ይከፍታሉ፤ ጠባያቸውን ብነግራችሁ ይሻላል።

ለማያውቀው ሰው፦ ሎግቡክ የበረራ ሰዓት የሚመዘገብበት ደብተር ነው፤ አፕሮች አውሮፕላን ለማረፍ ወደ ራንዌዩ (ማኮብኮቢያው) የሚቀርብበት ጉዞ ነው፤ አይኤልኤስ ደግሞ አውሮፕላን በደመናና በጭጋግ ውስጥ ራንዌዩን ሳያይ እንዲወርድ የሚመራ የሬዲዮ ሥርዓት ነው። ሎካላይዘር የሚባለው ጨረር ግራና ቀኙን ይነግራል፤ ግላይድ ስሎፕ የሚባለው ደግሞ ቁልቁለቱን፣ እሱም አብዛኛውን ጊዜ 3 ዲግሪ ነው። በተለመደው ምድብ አንድ አፕሮች ከምድር 200 ጫማ እስኪቀር ድረስ ተከትሎ መውረድ ይቻላል፤ እዚያ ደርሶ ራንዌዩ ወይም መብራቱ ካልታየ ኃይል ሰጥቶ ወደ ላይ መመለስ ነው። ሙያው ሁለቱን ጠቋሚዎች በነፋስም በጭንቀትም መሃል ላይ ማቆየቱ ነው። እኔም ልማር የሄድኩት ይህንኑ ነበር።

አስተማሪው ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ትከሻው ላይ አራት መስመር አድርጓል። ሁሉም «ካፒቴን» ነው የሚሉት፣ ሻይ የምታመጣው ልጅ ሳትቀር። ምን ዓይነት አውሮፕላን ያበር እንደነበር ስጠይቀው «ብዙ» አለኝ። ዕቃው ሦስት ስክሪን፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ በብሎን የታሰረ መሪ፣ ትሮትል (የሞተር ኃይል መስጫ) እና ፔዳል ነው። በዕቃው አልከፋኝም፤ በዚያ ዕቃ ብዙ መማር ይቻላል፣ የሚያስተምር ካለ።

ሁልጊዜ አጀማመሩ አንድ ነው። «ሴትአፑን ለእኔ ተዪው፣ አንቺ በረራው ላይ አተኩሪ» ይለኛል፣ ከኋላዬ ኪቦርድ ጭኑ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። ሲከፍተው ጂ1000 የሚባለው የዲጂታል ስክሪን መሣሪያ የተገጠመላት ትንሿ አውሮፕላን ሴስና 172 ከቦሌ አየር ማረፊያ «25 ግራ» ከሚባለው ራንዌይ አሥር ማይል ያህል ርቃ፣ ከፍታዋ ተስተካክሎ፣ ፍሪኩዌንሲው ተሞልቶ ትጠብቀኛለች። ትሮትልና ፍላፕ (ለማረፍ የሚዘረጋው የክንፍ ክፍል) የእኔ ናቸው። ይቺን ልብ በሉ፣ ማታለያዋ እሷ ናት፤ ትሮትሉን ስነካ ፍጥነቱ በእርግጥ ይጨምራል፣ ይቀንሳል፤ ስለዚህ እኔ እያበረርኩ ይመስለኛል። መሪውን ግን «በሁለት ጣት ብቻ ያዢው፣ ማስተካከያሽ ትንሽ ትንሽ ይሁን» ነው ትእዛዙ። ምክሩ ደግሞ እውነተኛ ምክር ነው፤ ማንም ደህና አስተማሪ ይለዋል።

ከስክሪኑ አናት ላይ በአረንጓዴ የተጻፉ ሦስት ምሕፃሮች አሉ፦ «ሎክ»፣ «ኤፒ»፣ «ጂኤስ»። ምንድን ናቸው ብዬ ጠይቄዋለሁ። «ሎካላይዘር፣ አፕሮች፣ ግላይድ ስሎፕ። ሦስቱም አረንጓዴ ከሆኑ ይዘሽዋል ማለት ነው» አለኝ። ጻፍኩት፣ ደብተሬ ላይ አለ። ምድር ሊደርስ 200 ጫማ ሲቀረው አንድ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ይሰማል። «ሚኒመም ደረስሽ ማለት ነው» ይለኛል፤ ራንዌዩ ካልታየ ከዚያ በታች የማይወረድበት ከፍታ ማለቱ ነው። ጭጋጉ በዚያች ቅጽበት ይገለጣል፣ ራንዌዩ ፊት ለፊቴ ተዘርግቶ ይታያል፣ ካፒቴን ያጨበጭባል። ከዚያ በኋላ ያለችው አጭር ጊዜ ብቻ ሁሌም ትበላሽብኛለች፤ አውሮፕላኗ ትዋልላለች፣ አንዳንዴ ሣር ላይ ትወርዳለች። «አታስቢ፣ ላንዲንግ ሌላ ፓኬጅ ነው» ይለኛል። ሌላ ፓኬጅ! ዋጋውንም ነግሮኛል።

ትናንት ጠዋት የሆነውን ልንገራችሁ።

እንደተለመደው ጭጋግ ውስጥ ነኝ፣ ግራና ቀኙን የሚያሳየው አረንጓዴው የሎካላይዘር መርፌ መሃል ላይ ቆሟል፣ በጎን ያለችው የግላይድ ስሎፕ አልማዝም እንደዚያው። ካፒቴን ከኋላዬ ስልኩ ላይ አጭር ቪዲዮ እያየ ይስቃል። ትሮትሉን ትንሽ ስስብ ክርኔ መሪውን ገፋው መሰለኝ፣ የታሰረበት ብሎን ላልቶ ኖሮ መሪው እንዳለ ከጠረጴዛው ተላቆ ጭኔ ላይ ወደቀ። በጎኑ ተጋድሞ፣ መዞሪያው ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው ታጥፎ። አውሮፕላኗ ወደ ቀኝ ተገልብጣ ትከሰከሳለች ብዬ ዓይኔን ልጨፍን ስል ምንም የለም። ክንፏ ቀጥ ብሎ፣ መርፌው መሃል፣ አልማዟ መሃል፣ እየወረደች ነው። መሪውን ሆን ብዬ ወደ ግራ አዞርኩት። ምንም። ወደ ራሴ ሳብኩት። ምንም። አባቱ ጭን ላይ ተቀምጦ የመኪና መሪ እንደሚያዞር ሕፃን ነበርኩ ለካ፤ መኪናውን የሚነዳው ሌላ ነው።

ስክሪኑ ዳር ካሉት ቁልፎች አንዷ ላይ «ኤፒ» ተብሎ ተጽፏል። ያቺው አረንጓዴዋ ኤፒ። አይጤውን ይዤ ተጫንኳት። ያ ድምፅ ጮኸ። የ200 ጫማው ድምፅ፣ «ሚኒመም» የተባልኩት። ግን እኔ ገና ከምድር 1,500 ጫማ ላይ ነኝ። ኤፒ የምትለዋ ወደ ቢጫ ተቀይራ ብልጭ ድርግም አለችና ጠፋች። መርፌው መጀመሪያ በዝግታ፣ ከዚያ በፍጥነት ወደ ዳር ሄደ፣ አፍንጫዋ ወደ ታች አዘነበለ። ከኋላዬ ወንበር ተንቋቋ፣ እጁ በትከሻዬ ላይ አልፎ መጣና ቁልፎቹን ጠቀጠቀ።

«ማን ንኪ አለሽ?!»

ሦስቱም አረንጓዴዎች ተመለሱ። መርፌውም ቀስ ብሎ ወደ መሃል ተመለሰ። መሪው አሁንም ጭኔ ላይ ነው።

ዞሬ «ኤፒ ማለት ኦቶፓይለት ነው እንዴ?» አልኩት። አልደነገጠም፣ እሱ ነው ያቃጠለኝ። ስልኩን ኪሱ ከተተና «ታዲያ አንቺ በእጅሽ ልታበሪው ኖሯል?» አለኝ። «እስከ ዛሬ እርስዎ አይደሉም እንዴ ጎበዝ ነሽ ሲሉኝ የነበሩት?» ስለው «ጎበዝ ነሽ እኮ፣ ፍጥነትሽን በደንብ ትጠብቂያለሽ» ብሎ ሳቀ። የ200 ጫማው ድምፅስ? እሱ ኦቶፓይለቱን የሚያጠፋበት ነበር፤ ላንዲንጉ ብቻ የእኔ የነበረው ለዚህ ነው። ድምፁን ለምን ሚኒመም ነው እንዳለኝ ስጠይቀው «ለጀማሪ ማቅለል ነው» አለኝ። ከዚህ በኋላ እርስዎ ማለቱን ተውኩት።

ፊት ለፊት ወዳለችው ልጅ ሄድኩ። የቀረውን ትምህርት አልፈልግም፣ ገንዘቤን መልሱልኝ አልኳት። ቀና ብላ ሳታየኝ «ክፍያ ተመላሽ አይሆንም፣ ፎርሙ ላይ ፈርመሻል» አለችኝ። ሥራ አስኪያጁ ተጠራ። ነገሩን እስክጨርስ እንኳ አልታገሰኝም፤ መሳቢያ ከፍቶ ሰርተፍኬት አወጣ። ስሜ ታትሞበታል፣ ማኅተም ተመትቶበታል፣ «በከፍተኛ ውጤት አጠናቀዋል» ይላል፣ የሚሰጥበት ቀን ገና የፊታችን ሳምንት ነው። «ይኸው ሰርተፍኬትሽ፣ ምን አስጨነቀሽ?» አለኝ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ አለ፣ 813/2006፣ አሳሳች ማስታወቂያ ይከለክላል ስል እርስ በርስ ተያዩና ተሳሳቁ። የመዝጊያው ንግግር እንዲህ የሚል ነበር፦ «እህቴ፣ በ28 ሺህ ብር ፓይለት የሚኮን መስሎሽ ነው? ደግሞ ቁመናሽ ለሆስተስነት ይሆናል፣ እሱን ብትሞክሪ አይሻልም?» ሻይ የምታመጣው ልጅ ብቻ አንገቷን ደፋች። ሌሎቹ ሙድ ያዙብኝ፣ በገዛ ገንዘቤ።

የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ጠይቄ የተሰጠኝ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ነው። እሱንም ያኔ ነው ያስተዋልኩት።

ማታ የወንድሜ ላፕቶፕ ላይ ፍላይትጊር የሚባል የበረራ ሲሙሌተር ጫንኩ፤ ነፃ ነው፣ ማንም ማውረድ ይችላል። ሴስና 172ን ያለ ኦቶፓይለት ወደ አይኤልኤስ መለስኳት። ፍሪኩዌንሲ ራሴ መሙላት ነበረብኝ፤ ሎካላይዘር ከ108.10 እስከ 111.95 ሜጋኸርዝ ባለው ውስጥ እንደሚገኝ እንኳ ማንም አልነገረኝም። ከሞላሁ በኋላ የጣቢያውን መለያ በሞርስ ኮድ ሲያንጫርር ሰማሁ፤ ትክክለኛውን ጣቢያ መያዝህን የምታረጋግጠው በዚያ ድምፅ ነው፣ እዚያ ቤት አንድ ቀን አልተሰማም። መርፌው ደግሞ ሩቅ ሳለሁ እሺ ይላል፣ ወደ ራንዌዩ በቀረብኩ ቁጥር ግን ጨረሩ ስለሚጠብ ትንሿን ስህተት አጉልቶ ያሳያል። ወደ ግራ ሲሄድ ስከተለው፣ ወደ ቀኝ ሲያልፈኝ ስመልሰው፣ ከፍታውን ረስቼ ከግላይድ ስሎፑ በላይ ተንሳፍፌ ቀረሁ። ከላይ ሆኖ አሳዶ መያዝ ደግሞ አደገኛ ነው፤ ከትክክለኛው ጨረር በላይ ሐሰተኛ ጨረር ስላለ ሁልጊዜ ከታች ገብቶ ነው የሚያዘው። ይህን ያገኘሁት የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በነፃ ድረ ገጹ ላይ ከሚያስቀምጠው የኢንስትሩመንት በረራ መመሪያ ነው። በነፃ!

የቁልቁለቱን ሒሳብ አስተምሮኛል፣ አልዋሽም። የምድር ፍጥነትን በ5 ማባዛት፤ 90 ኖት ከሆነ በደቂቃ 450 ጫማ መውረድ። ትክክል ነው። ግን ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ7,600 ጫማ በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ መለኪያው 90 ሲያሳይ አውሮፕላኑ በእርግጥ የሚሄደው ከ100 ኖት በላይ ነው፣ ነፋስ ከሌለ ቁልቁለቱ 500 አለፍ ማለት አለበት። ኦቶፓይለቱ ይህንን ራሱ ስለሚያስተካክለው ካፒቴን ልዩነቱን አላየውም፣ ወይም አያውቀውም። ወደ ላይ መመለስንማ አንዴም አላሠራኝም። እዚያ ቤት ጭጋግ 200 ጫማ ላይ የመገለጥ ግዴታ አለበት።

«ሎግቡክ ይሞላላችኋል» የሚሉትስ? የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መስፈርት ለኢንስትሩመንት ሬቲንግ (ውጭ ሳያዩ በመሣሪያ ብቻ ለማብረር የሚሰጥ ፈቃድ) 40 ሰዓት የኢንስትሩመንት ጊዜ ይጠይቃል፤ ከዚያ ውስጥ ምድር ላይ በመለማመጃ መሣሪያ ሊያዝ የሚችለው እስከ 20 ሰዓት ነው፣ ፍላይት ሲሙሌተር ከሆነ እስከ 30። መሣሪያውም አስተማሪውም በሲቪል አቪዬሽን የታወቁ መሆን አለባቸው። የእነሱ ኮምፒውተር በብሎን የተያዘ መሪ ያለው ጌም ነው። የሞሉልኝ ሰዓት አንዲት ደቂቃ አይቆጠርልኝም።

አሁንም መማር የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የሰጣቸውን የማሠልጠኛ ፈቃድና የመሣሪያውን ማረጋገጫ አሳዩኝ በሉ። ሞክሪ ወይም ሞክር ሲሏችሁ መሪውን እስከ ጥግ አዙሩት፤ አውሮፕላኗ ካልዞረች ተነሥታችሁ ውጡ። የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ሳትይዙ በቴሌብር አትላኩ።

ከግሩፓቸው አስወጥተውኛል። የከፈልኩበት የቴሌብር መልእክትና ያ ገና ቀኑ ያልደረሰ ሰርተፍኬት ፎቶው ስልኬ ላይ አለ። እዚያው ቤት የተበላችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ሰኞ ጠዋት ንግድ ቢሮ ቅሬታ ላስገባ ነው፣ ብዙ ሆነን ብንሄድ ይሻላል።