10 በ50 ባይኖኩላር፣ የደብረ ብርሃን ሰማይ እና የዩፎ ክርክር

ዋናውን መጀመሪያ ልንገራችሁ፤ ዕቃው ጥሩ ነው። 10 በ50 የሚባለው ባይኖኩላር ነው፣ ሽማግሌዎቻችን የጦር መነጽር የሚሉት። 10 ማለት አሥር እጥፍ ያቀርባል ነው። 50 ደግሞ የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊ ሜትር። ለሌሊት ሰማይ ትልቁ ቁም ነገር ሁለተኛው ቁጥር ነው። ብዙ ሰው ሱቅ ገብቶ ‹‹ስንት ያቀርባል?›› ብቻ ይጠይቃል፤ ከዚያ 60 እጥፍ የሚል የተጻፈበት ትንሽዬ ነገር ይዞ ይወጣል። አትሸወዱ። መስታወቱ ጠባብ ከሆነ ብርሃን አያስገባም። ያን ያህል የሚያቀርብ ዕቃ በእጅ ተይዞም አይረጋም፣ ኮከቡ ይጨፍራል።

የገዛሁት ለወፍ አይደለም። ቤታችን ውስጥ ስለ ዩፎ፣ ማለትም ሰማይ ላይ ስለሚታዩ ምንነታቸው ያልታወቀ በራሪ ነገሮች፣ አልበርድ ያለ ክርክር ስላለ ነው። አጎቴ ማታ ማታ ሰማይ ላይ የሚያዩትን ብርሃን ‹‹ከሌላ ዓለም የመጡ ናቸው›› ይላሉ። ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር ናቸው፤ ‹‹ተረት ተረት ነው፣ ተወኝ›› ብለው ይዘጉታል። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። ግን አንዱ ሳያጣራ ያምናል፣ ሌላው ሳያይ ይክዳል፣ ይሄ ደግሞ በጣም ያናድደኛል። እናም ዕቃውን የፈተንኩት በዚህ ክርክር ላይ ነው።

ደብረ ብርሃን ለዚህ የተመቸ ቦታ ነው። ከተማው ከባሕር ወለል ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያለው። ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምትና ኅዳር ሲገባ አየሩ ደርቆ ሰማዩ ጥርት ይላል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ኮከቡ ሌላ ነው። ችግሩ ውርጩ ነው። ጋቢ ሳትደርቡ አትውጡ፣ በርኖስ ካላችሁማ በጣም ጥሩ። ትንፋሻችሁም ወደ መስታወቱ እንዳይሄድ ተጠንቀቁ፤ ወዲያው ጉም ይለብስና እስኪለቅ መጠበቅ ነው።

የመጀመሪያው ፈተና የአጎቴ ዋና ማስረጃ ነበር። ምዕራብ በኩል፣ ከባሕር ዛፉ ጫፍ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ አንዴ ቀይ አንዴ አረንጓዴ እየሆነ የሚንቀጠቀጥ ኃይለኛ ብርሃን። በዓይን ሲያዩት እውነትም ያስደነግጣል። ክርኔን የድንጋይ ካቡ ላይ አስደግፌ ፎከሱን ቀስ አድርጌ ሳስተካክለው፣ ነጥብ የነበረው ነገር ቀጭን ሆኖ ጎበጥ አለ፣ ልክ እንደ ሦስት ቀን ጨረቃ። ፕላኔቷ ቬነስ ናት። ወደ ምድር ስትቀርብ እንደ ጨረቃ ጎደሎ ሆና ትታያለች፤ ቀለሙን የሚለዋውጠው ደግሞ አድማስ አጠገብ ያለው ወፍራም አየር ነው። ባይኖኩላሩን ለአጎቴ ሰጠኋቸው። ብዙ ቆዩና ‹‹ውይ፣ ጨረቃ ሆነችሳ!›› አሉ። ማንም ‹‹ተረት ነው›› ብሎ ሊያሳምናቸው ያልቻለውን በዓይናቸው አይተው ተቀበሉት።

መምህሩ በዚህ ደስ ብሏቸው ሊሄዱ ሲሉ ሁለተኛው ጉዳይ መጣ። አጎቴ ከዚያ ቀደም ሌሊት ላይ ተሰልፈው የሚጓዙ ብዙ መብራቶች አይቻለሁ ብለው፣ መምህሩ ‹‹ዓይንህ ደክሟል፣ መነጽር አሠራ›› ብለዋቸው ነበር። አጎቴ በዚህ ቆስለዋል፣ አሁንም ያነሱታል። እኔም ያንኑ ሰልፍ አየሁት። በባይኖኩላሩ እያንዳንዱ ነጥብ ለብቻው ተለይቶ ይታያል፤ ድምፅ የለውም፣ ብልጭ ድርግምም አይልም፣ ዝም ብሎ ይጓዛል። ስታርሊንክ የሚባሉት የኢንተርኔት ሳተላይቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 በአንድ ሮኬት 60 ሆነው ከተላኩ ወዲህ ዓለም ሁሉ ያያቸዋል፣ በተለይ በተላኩ ሰሞን። አጎቴ እንግዳ ፍጡር አላዩም። ግን አይተዋል! ዓይናቸውም አልደከመም። መምህሩ የትርጉሙን ስሕተት ሊያርሙ ብለው ምስክሩን ራሱን ውሸታም አደረጉት። የተጠራጣሪዎች ትልቁ በሽታ ለእኔ ይሄ ነው።

በታሪክም ሆኗል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ገበሬዎች ‹‹ድንጋይ ከሰማይ ወደቀ›› ሲሉ ብዙ ምሁራን አይሆንም ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1803 ፈረንሳይ ውስጥ ሌግል በምትባል ከተማ አካባቢ ድንጋይ በሺዎች ዘነበ። ዣን ባቲስት ቢዮ የሚባል ሳይንቲስት ተልኮ ሄደ፣ ሰዎቹን አንድ በአንድ ጠየቀ፣ ድንጋዮቹን ሰበሰበ፣ እውነት ነው ብሎ ጻፈ። ሳይንሱ የዳነው ሰው ተነሥቶ ቦታው ድረስ ስለሄደ ነው።

በዩፎ የሚያምኑት ግን ይቺን ታሪክ ይዘው ብዙ ርቀው ይሄዳሉ፣ እዚያ ላይ አልከተላቸውም። የቢዮ ድንጋይ በእጅ ይያዛል። የዩፎው ጉዳይ እስካሁን በእጅ የሚያዝ ነገር አልሰጠንም። የአሜሪካ አየር ኃይል ብሉ ቡክ በሚባለው የዩፎ ምርመራ ፕሮጀክቱ እስከ 1969 (እ.ኤ.አ.) ድረስ 12,618 ጥቆማዎችን መዝግቧል። 701ዱ ምን እንደሆኑ ሳይታወቅ ቀረ። አጎቴ 701ዱን ይቆጥራሉ፣ መምህሩ የቀሩትን። እኔ ደግሞ ‹‹አልታወቀም›› ማለት አልታወቀም ማለት ብቻ ነው ባይ ነኝ። ብርሃኑ ለጥቂት ሰከንድ ታይቶ ከጠፋ፣ አቅጣጫውን የመዘገበ ከሌለ፣ ማንም ተመልሶ ሊያጣራው አይችልም። የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ ያቋቋመው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ሪፖርትም እዚሁ ላይ ነው የቆመው፤ ከሌላ ዓለም ለመምጣታቸው ማስረጃ አላገኘም፣ ያለው መረጃም ጥራት ይጎድለዋል።

መምህሩ ጠንካራ የሚሆኑት ርቀቱ ላይ ነው። ከፀሐይ ቀጥሎ ለእኛ የቅርብ የሆነው ኮከብ ከአራት የብርሃን ዓመት በላይ ይርቃል፤ አንድ የብርሃን ዓመት ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው። ቮየጀር 1 የምትባለው የናሳ መንኮራኩር በሰከንድ 17 ኪሎ ሜትር እየበረረች እንኳ ያን ያህል መንገድ ለመጨረስ ከ70,000 ዓመት በላይ ይፈጅባታል። አጎቴ ምን አሉ? ‹‹የእኛን ፍጥነት ለእነሱ መለኪያ ታደርጋለህ?›› መልሱ ማስረጃ ባይሆንም ጥያቄው ትክክል ነው። መምህሩም ለመጀመሪያ ጊዜ ‹‹እሱስ ልክ ነህ›› አሉ።

የከተማችንም ነገር መነሣቱ አልቀረም። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ እዚህ የከተሙት ሰማይ ላይ ብርሃን ታይቶ ነው ይባላል። አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች ያ ብርሃን እ.ኤ.አ. በ1456 የታየው ሃሌይ የተባለው ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። መምህሩ በዚህ ነገሩ ተቋጨ ሊሉ ነበር፤ አልተቋጨም። ኮከቡ ያበራው ምን እንደሆነ ቢነግረንም፣ ንጉሡ በብርሃኑ ውስጥ ያዩትን ትርጉም በመነጽር አይለካም። እዚህ ላይ ሳይንስ ዝም ቢል ክብሩ አይቀንስም።

ወደ ዕቃው ልመለስ። የጁፒተርን አራት ትልልቅ ጨረቃዎች በደንብ ያሳያል፣ ጋሊልዮ እ.ኤ.አ. በ1610 ያያቸውን። የጨረቃ ጉድጓዶችም ግሩም ናቸው። የሳተርንን ቀለበት ግን አትጠብቁ፣ አቅሙ አይደርስም። ክብደቱ ወደ አንድ ኪሎ ስለሚጠጋ ክንድ ያዝላል፤ ወይ ካብ ላይ ተደገፉ፣ ወይ ሣር ላይ ተጋደሙ። ማንገቻው ደካማ ነው፣ ቀይሬዋለሁ። ስትገዙ ሱቁ በር ላይ ቆማችሁ ሩቅ ያለ የመብራት ምሰሶ እዩበት። ምሰሶው ሁለት ሆኖ ከታያችሁ መስታወቱ ተዛንፏል፣ ሌላ ይስጧችሁ። እኔ የመጀመሪያውን እንዲህ አይቼ መለስኩት፣ ሻጩ ሳያጉረመርም ለወጠልኝ። ልጆች ካሉ ደግሞ ወደ ፀሐይ እንዳያዞሩት፣ ዓይን ያጠፋል።

መምህሩ አሁን የራሳቸውን ሊገዙ ነው። 7 በ50 ይሻላል ባይ ናቸው፣ እጅ ላይ ይረጋል ብለው። መርጋቱስ ይረጋል። ግን 7 በ50 የሚሰበስበው ብርሃን 7 ሚሊ ሜትር የሚከፈት የዓይን ብሌን ይፈልጋል፤ በዕድሜ የገፋ ሰው ብሌን ደግሞ ጨለማ ውስጥም ያን ያህል አይከፈትም። ስለዚህ ለእሳቸውም 10 በ50 ነው የምለው፣ ከነማቆሚያው።