ውዱን የስፖርት ልብስ 14 ወር ለብሼ ያየሁት

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናዘዝ። ጂም በጀመርኩ በሁለተኛው ወር አንድ ታይት፣ አንድ ስፖርት ብራ እና አንድ ቲሸርት፣ ሶስቱም የዲዛይነር ስም የተፃፈባቸው፣ ባንድ ቀን ገዛሁ። ለታይቱ ብቻ የከፈልኩት ስም የሌላቸው አምስት ታይቶች ይገዛል። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት "ይሄን ያህል ካወጣሁበት መቅረት አልችልም" የሚል ነበር፣ አሁን ሳስበው ያስቀኛል ግን ትንሽ ሰርቷል፣ እመጣበታለሁ።

ቤት ውስጥ ሁለት ርካሽ ታይትም ነበረኝ። ገንዘቤ የት እንደገባ ማወቅ ስለፈለኩ ስልኬ ላይ ኖት ከፍቼ የትኛውን እንደለበስኩ በየቀኑ ሰረዝ ማስመር ጀመርኩ፣ ባለቤቴ "እስር ቤት ነው እንዴ ያለሽው" እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ። ዛሬ 14 ወር ሞላኝ፣ ውዱ 118 ሰረዝ አለው፣ አንደኛው ርካሽ 41 ላይ ተሰናበተ፣ ሁለተኛው ርካሽ 63 ላይ ነው እና አሁንም በህይወት አለ።

ሂሳቡን ላስቀድመውና ልገላገል። ሁለቱ ርካሾች ተደምረው 104 ጊዜ ተለብሰዋል፣ ማለትም አንዱ በአማካይ 52 ጊዜ። ውዱ ዋጋው አምስት እጥፍ ስለሆነ ከነሱ ጋር እኩል ለመውጣት 260 ጊዜ መለበስ ነበረበት። 118 ላይ ነው ያለው፣ ሁኔታውን ሳየው ደግሞ 150ም የሚደርስ አይመስለኝም። ስለዚ "ውድ ልብስ ስለሚቆይ በመጨረሻ ይረክሳል" የሚለው ነገር እኔ ጋ አልሰራም፣ ሻጮች ሲሉት ደስ ይላል ብቻ።

ግን ነገሩ እዛ ጋ ቢያልቅ ኖሮ ይሄን ሁሉ አልፅፍም ነበር። ምክንያቱም ሶስቱም ታጥበው መሳቢያ ውስጥ ተደርድረው እያሉ እጄ የሚሄደው ወደ ውዱ ነው፣ በተለይ የእግር ቀን፣ ማለትም ጂም ውስጥ እግር የምሰራበት ቀን። 118 ሰረዝ ያለውም ለዛ ነው፣ ማንም አላስገደደኝም። ለምን እንደሆነ ለማወቅ አንድ ቀን ሶስቱንም ገልብጬ አልጋ ላይ ዘርግቼ ስፌታቸውን ማየት ጀመርኩ።

ጨርቁ ላይ አስማት የለም። የውዱ መለያ ላይ 77 ፐርሰንት ናይለን 23 ፐርሰንት ኢላስቴን ይላል፣ የርካሾቹ 88 ፖሊስተር 12 ኢላስቴን። ኢላስቴን ማለት ያው ላይክራ የምንለው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1958 ዱፖንት የሚባል የአሜሪካ ኬሚካል ኩባንያ ውስጥ ይሰራ የነበረ ጆሴፍ ሺቨርስ የሚባል ኬሚስት ነው የሰራው፣ መጀመሪያ የታሰበውም ለስፖርት ሳይሆን የሴቶች ወገብ መያዣ የውስጥ ልብስ ላይ የነበረውን ጎማ ለመተካት ነው። ናይለንማ ከሱም ይቀድማል፣ 1935፣ እሱም እዛው ዱፖንት። ስለዚ መለያው ላይ በትልቁ "አዲስ ቴክኖሎጂ ጨርቅ" ተብሎ ሲለጠፍ አያታችን የሚያውቁት ነገር መሆኑን አትርሱ። ልዩነቱ ምን ያህል ኢላስቴን እንዳለው እና ምን ያህል ጥብቅ ተደርጎ እንደተሰራ ነው። 23 ፐርሰንቱ ጨምቆ ይይዛል፣ ቁጭ ብዬ ስነሳ ጉልበቴ ላይ ከረጢት አይሰራም፣ ርካሾቹ ግን ከአንድ ሰዓት በኋላ ጉልበታቸው ወጥቶ ይቀራል፣ ወገባቸውንም በየደቂቃው ወደላይ እጎትታለሁ። ይሄ ወገብ መጎተት ትንሽ ነገር ይመስላል። ባርቤል (የክብደት ብረት) ትከሻ ላይ አድርጎ ለሞከረው ትንሽ አይደለም።

አሁን 41 ላይ የሞተውን ልንገራችሁ። ስኳት (ክብደት ተሸክሞ ቁጭ ብድግ) እየሰራሁ ነበር፣ ሶስተኛው ዙር፣ ከታች ስደርስ "ጥጥ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጉልበቴ መስሎኝ ደነገጥኩ። ጉልበቴ ቢሆን ይሻል ነበር። ቤት ገብቼ ሳየው አራት ስፌቶች እግር መሃል አንዲት ነጥብ ላይ ይገናኛሉ፣ መስቀል ነው የሚሰሩት፣ እና ጭነቱ ሁሉ እዛች ነጥብ ላይ ነው የሚያርፈው። ውዱ ላይ ደግሞ እዛ ቦታ ትንሽ የአልማዝ ቅርፅ ያላት ቁራጭ ጨርቅ ገብታለች፣ ስፌቶቹ ተበታትነው ነው የሚያልፉት። አንዲት መዳፍ የማታክል ቁራጭ ናት። የሚገርማችሁ 63 ላይ ያለው ርካሽም ያቺ ቁራጭ አለችው! ሁለቱ ርካሾች ሲገዙ ዋጋቸው አንድ ነበር፣ አንዱ ግን ውስጡ በትክክል ተሰርቷል። ከዛ ቀን በኋላ ታይት ስገዛ መጀመሪያ የማየው ዋጋውን ወይ ቀለሙን አይደለም፣ እገለብጠዋለሁ። ሱቅ ውስጥ ሰው ሊያየኝ ይችላል ግድ የለኝም።

ስፌቱ ጠፍጣፋ መሆኑም ሌላ ነገር ነው። የርካሾቹ ስፌት ከውስጥ በኩል እንደ ገመድ ቆሟል፣ ረጅም ስሮጥ ጭኔን ይልጠዋል፣ የተላጥኩት ደግሞ ሻወር ስገባ ውሃው ሲነካኝ ነው የሚታወቀኝ። የውዱ ስፌት በጣት ሲዳሰስ የለም ማለት ይቻላል።

ስስ ስለመሆን ብዙ ሰው "ውድ ከሆነ አያሳይም" ይላል፣ እሱ እውነት አይደለም። በ2013 ሉሉሌመን ጥቁር ታይቶቹ ከሚገባው በላይ ስስ ሆነው ስለተገኙ ከየሱቁ ሰብስቧል፣ ሱቅ ውስጥ ከነበረው የሴቶች ታይትና ሱሪ 17 ፐርሰንት ገደማ የሚሆነውን፣ እና እሱ ርካሽ የሚባል ብራንድ አይደለም። ስለዚ የማንም ስም ይኑርበት፣ መስታወት ፊት ጎንበስ ብላችሁ እዩት፣ መብራቱ ደማቅ የሆነበት ቦታ። የሱቅ መልበሻ ክፍል መብራት ውሸታም ነው።

ወደ ብራው ስመጣ አልከራከርም፣ ከሶስቱ ዋጋውን ያወጣው እሱ ብቻ ነው። ድሮ የምለብሰው ተዘርግቶ የሚጠለቅ፣ ደረት ላይ ጨምቆ ብቻ የሚይዝ ነበር፣ ስሮጥ አንድ እጄን ደረቴ ላይ የማድረግ ልማድ ነበረኝ፣ ሌሎች ሴቶች ይገባቸዋል። ይሄኛው ማንገቻው ሰፊ ነው፣ ይስተካከላል፣ ከኋላ መንጠቆ አለው፣ እና ሁለቱንም ለየብቻ ነው የሚይዘው። ትሬድሚል ላይ 40 ደቂቃ ሮጬ እጄ የት እንደነበረ አላስታውስም፣ ይሄ ነው ለኔ መለኪያው። በ14 ወር ውስጥ ላስቲኩ ትንሽ ላልቷል፣ መንጠቆውን ወደ ውስጠኛው ቀዳዳ አሳለፍኩት አለቀ። ልብ በሉ ግን፣ እንዲህ የሚይዘው በአሰራሩ ነው፣ የዲዛይነሩን ስም ሳይይዝ ያው አሰራር ያለው በግማሽ ዋጋ አይቻለሁ፣ በሚቀጥለው እሱን ነው የምገዛው።

ቲሸርቱ... ኧረ ቲሸርቱን ተዉት። ደረቱ ላይ በሙቀት የተለጠፈ ትልቅ ሎጎ አለው፣ ጨርቁ ደግሞ አብዛኛው ጥጥ ነው። ጥጥ ለመኝታ ነው የሚያምረው፣ ላብ ይመጥጥና እዛው ይዞት ይቀመጣል፣ ግማሽ ሰዓት ላይ ሰውነቴ ላይ ተጣብቆ ይከብደኛል። ሎጎው ስር ደግሞ አየር ስለማያልፍ ደረቴ ላይ የሎጎውን ቅርፅ የያዘ ላብ ሰርቶ አገኘሁት፣ ማስታወቂያው ገላዬ ላይ ታተመ ማለት ነው። ሃያ ምናምን ጊዜ ከታጠበ በኋላ ሎጎው እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጠቀ። ተራው ፖሊስተር ቲሸርቴ ውሃ ስለማይመጥ ላቡን ዘርግቶ ቶሎ ያደርቀዋል።

ለፍትህ ያህል ግን ፖሊስተር ይሸታል። ይሄ የኔ ችግር ብቻ መስሎኝ እሸማቀቅ ነበር፣ በኋላ ሳነብ በ2014 የቤልጂየሙ ጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 26 ሰዎችን ስፒኒንግ (የጂም ብስክሌት) ካሰሩ በኋላ ቲሸርታቸውን ሰብስበው መርምረውታል፣ ፖሊስተሩ ከጥጡ የባሰ ይሸት ነበር፣ ሽታ የሚያመጣ ማይክሮኮከስ የሚባል ባክቴሪያም ፖሊስተር ላይ ነው የሚመቸው። ስለዚ ልብሱን ባናቆየው ይሻላል፣ ከጂም ቦርሳ ውስጥ አውጥቶ ቶሎ ማጠብ፣ ካልተቻለ ቢያንስ ማስጣት። ቦርሳ ውስጥ አንድ ሌሊት ካደረ እንኳን ዲዛይነሩ መልአክም ቢሰራው አይድንም።

እጥበት ላይ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይሄን ሳልደብቅ ልፃፍ። የመጀመሪያዎቹን አራት ወራት ውዱን ታይት ከፎጣ ጋር ማሽን ውስጥ እየከተትኩ፣ በዛ ላይ የልብስ ማለስለሻ እየጨመርኩ አጥቤዋለሁ። ውድ ስለሆነ መንከባከቤ ነበር እኮ! ማለስለሻው ጨርቁ ላይ እንደ ቅባት ሽፋን ይቀራል፣ ላብ ማስወጣቱን ይዘጋዋል፣ ፎጣው ደግሞ ጨርቁን እየፈተገ ጭኑ ላይ ትናንሽ እንክብሎች አስወጣበት። አንድ ሁለቴም ሙቅ ማድረቂያ ውስጥ ገብቷል፣ ኢላስቴን ሙቀት ጠላቱ ነው፣ ክሎሪንም እንደዛው፣ ስለዚ በረኪና የሚባል ነገር አታስጠጉት። አሁን ገልብጬ፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ለብቻው አጥቤ ጥላ ላይ ነው የማሰጣው። 63 ላይ ያለው ርካሽ ታይት ከመጀመሪያው በእጅ ነው የታጠበው፣ ምክንያቱም ቀለሙ ይለቅ ስለነበር ከሌላ ልብስ ጋር መቀላቀል ፈርቼ ነው። ንቄው ነው የቆየው ማለት ይቻላል።

አምስተኛው ወር ላይ የውዱ ወገብ ስፌት በጎን በኩል መለቀቅ ጀመረ። ፎቶ አንስቼ ለሸጡልኝ ላኩኝ፣ ከሁለት ሳምንት ዝምታ በኋላ "በአጠቃቀም የመጣ ነው" የሚል መልስ መጣ። አጠቃቀሜ መልበስ ነበር። ልብስ ሰፊ ጋ ወሰድኩት፣ እሱም በቀጥታ ስፌት ደህና አድርጎ ሰፋው፣ ስለብሰው ክሩ ወዲያው ተበጠሰ፣ ጨርቁ ሲሳብ ቀጥታ ስፌት አብሮት አይሳብም እኮ። ሁለተኛ ሄጄ በዚግዛግ ስፋልኝ አልኩት፣ ያ እስካሁን ይዟል። የሚለጠጥ ልብስ የምታሰፉ ሰዎች ይቺን ቃል ያዙ፣ ዚግዛግ።

አንድ ደግሞ ያናደደኝ ነገር፣ ውዱ ኪስ የለውም። ወገቡ ውስጥ ለአንድ ቁልፍ የምትበቃ ድብቅ ነገር አለች፣ በቃ። ርካሾቹ ሁለቱም ጭናቸው ላይ ስልክ የሚይዝ ኪስ አላቸው። ዲዛይነር እና ስፖርት ልብስ ማጋባት ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም፣ አዲዳስ እና ዲዛይነሯ ስቴላ ማካርትኒ ከ2005 ጀምሮ አብረው ይሰራሉ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት የተለማመደ ኢንዱስትሪ ውስጥ ሆኖ ሴት ስልኳን የት ታድርግ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ስቱዲዮው ውስጥ እንዴት እንደጠፋ አላውቅም።

እመጣበታለሁ ያልኩት ነገር ነበር፣ "ካወጣሁበት አልቀርም" የሚለው። ሰረዞቹ አሉ፣ ልብሱን የገዛሁ ወር 21 ቀን ሄጃለሁ። ቀጣዩ ወር 17። ሶስተኛው 9። ከዛ ወደላይ የወጣው አንዲት ጓደኛዬ ጠዋት ጠዋት በሬን ማንኳኳት ስትጀምር ነው፣ እሷ ደግሞ በነፃ ናት።

አሁን ያለሁበት፦ ቲሸርቱ የመኝታ ልብስ ሆኗል፣ ብራው ስራ ላይ ነው። ታይቱን ትናንት ከእጥበት በኋላ እጄን ውስጡ ከትቼ መስኮት ጋ ዘረጋሁት፣ ከጭኑ ውስጥ በኩል ጣቶቼ ይቆጠራሉ። ለሩጫ ይሆናል፣ ለስኳት ግን ከዚህ በኋላ ረጅም ቲሸርት ካልደረብኩበት አልለብሰውም። ቅዳሜ ባለ ኪሱን፣ እግር መሃል ያቺ ቁራጭ ያለችውን፣ መካከለኛ ዋጋ ያለውን ለማየት እሄዳለሁ፣ ኖቱ ላይም አራተኛ መስመር ከፍቼለታለሁ።