ቀዶ ሕክምና፣ ክኒን ወይስ ቅጠል? ለአክስቴ የጡት ካንሰር የተጠቀምንባቸው አገልግሎቶች ሲመዘኑ

ይህ ግምገማ ባለፈው ዓመት የ76 ዓመት አዛውንት ለሆኑት አክስቴ የጡት ካንሰር ሕክምና ስንፈልግ የደረስንባቸውን ሦስት አገልግሎቶች የሚመለከት ነው። እነሱም አዲስ አበባ የሚገኝ የአንድ የግል ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ክፍል፣ ቀዶ ሕክምናው ይቅርና በሆርሞን ክኒን ብቻ ይቆዩ ያለን አንድ ክሊኒክ እና አንድ የባህል መድኃኒት አዋቂ ናቸው። የማመሰግነውም የምነቅፈውም ስላለ የማንንም ስም አልጠራም። ተመሳሳይ ውሳኔ ፊት ለፊቱ የተደቀነበት ቤተሰብ ከስሙ ይልቅ አገልግሎቱ ምን እንደሚመስል ማወቁ ይበልጥ ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ።

በቤታችን እቴቴ የምንላቸው አክስቴ ደብረ ብርሃን ነው የሚኖሩት። የግራ ጡታቸውን እብጠት ስምንት ወር ያህል ለማንም ሳይናገሩ ይዘውት ቆይተው፣ ለፋሲካ ልትጠይቃቸው የሄደችው የእህቴ ልጅ ገላቸውን ስታጥባቸው በእጇ አገኘችው። አዲስ አበባ አምጥተን ስናስመረምራቸው ዕጢው 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ እንደሆነ በአልትራሳውንድ ታየ፤ በመርፌ የተወሰደው ናሙናም ካንሰር መሆኑን አረጋገጠ። ነገር ግን ካንሰር ነው የሚለው ወረቀት ብቻውን ለውሳኔ አይበቃም። ዕጢው ኢስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን የሚያያዝበት ተቀባይ ያለው መሆን አለመሆኑን የሚለይ ተጨማሪ ምርመራ አለ፤ ተቀባይ ያለውን ዕጢ የሆርሞን ክኒን ሊገታው ሲችል፣ ተቀባይ የሌለውን ግን ክኒኑ አይነካውም። በዕድሜ በገፉ ሴቶች ላይ የሚገኘው የጡት ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ ተቀባይ ያለው ነው፤ የእቴቴም እንዲሁ ሆነ። ይህን ምርመራ መጀመሪያ ካየናቸው ሐኪሞች አንዳቸውም አላዘዙልንም፤ አስጠይቁ ብላ የመከረችን የፋርማሲ ባለሙያ የሆነች ጎረቤቴ ናት።

ውጤቱ እጃችን ከገባ በኋላ ሁለት ሳምንት ያለፈው በክርክር ነው። ሜሪላንድ የሚኖረው ልጃቸው በየማታው እየደወለ «እንዳትነግሯት፣ በድንጋጤ ትሞትብናለች» ይል ነበር። ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ደግሞ በዚህ ዕድሜያቸው ቢላ ማስነካት ግፍ ነው ብሎ ቆረጠ። እኔም ብዙ ቀን ከእነሱ ጋር ነበርኩ፤ ለእቴቴም «ትንሽ እብጠት ናት፣ በመድኃኒት ትጠፋለች» ብዬ በአፌ ነግሬአቸዋለሁ። ይህንን የምጽፈው እንዲህ ያለው መደበቅ አገልግሎት ፍለጋውን ራሱን እንዴት እንዳበላሸው ለማሳየት ነው፤ ሦስቱንም ቦታዎች ስናማርጥ የምንጠይቀው እኛ ምን እንደምንፈራ እንጂ እሳቸው ምን እንደሚፈሩ አልነበረም።

የባህል መድኃኒት አዋቂው ዘንድ የወሰዳቸው ጋሼ ነው። ሰውየው የምርመራ ወረቀቱን ሳያነብ አጥፎ መለሰልን። በውኃ ፕላስቲክ የተሞላ ጥቁር መጠጥ በባዶ ሆድ ከማር ጋር እንዲጠጡ፣ የተወቀጠ ቅጠል ደግሞ በእብጠቱ ላይ እንዲለጠፍ አዘዘ፤ ጊዜውንም 40 ቀን አለው። «ቢላ ካልነካቸው አድናቸዋለሁ፤ ቢላ ከነካው ግን ይበተናል» ብሎ ሲናገር ድምፁ የሚያሳምን ነበር። በሦስተኛው ቀን ቅጠሉ የተለጠፈበት ቆዳ ቀልቶ ውኃ ቋጠረ፤ እቴቴ ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጠው አደሩ። ቅጠሉ ምን እንደሆነ ደውለን ብንጠይቅ ምስጢር ነው ተባልን። እቴቴ የደም ግፊት መድኃኒት በየቀኑ ስለሚወስዱ፣ ከዚያ ጋር ምን እንደሚፈጥር የማይታወቅ መጠጥ ማጠጣታችን እስካሁን ይቆጨኛል።

ቢላ የነካው ካንሰር ይበተናል የሚለው እምነት ከየት እንደመጣ አስቤበታለሁ። በአገራችን አብዛኞቹ ሕሙማን ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት በሽታው ከገፋ፣ ብዙ ጊዜም ከተሰራጨ በኋላ ነው። እንዲህ የደረሰ ሰው ተቀድዶ ከጥቂት ወራት በኋላ ሲያርፍ ቤተሰቡ የሚያስታውሰው ቢላውን እንጂ ከቢላው በፊት የባከነውን ዓመት አይደለም። በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ መደበኛውን ሕክምና ትተው በአማራጭ ሕክምና ብቻ የቆዩ 281 ሕሙማንን መደበኛ ሕክምና ካገኙ ጋር ሲያስተያዩ የሞት አደጋው በጥቅሉ 2.5 እጥፍ፣ በጡት ካንሰር ደግሞ ከ5 እጥፍ በላይ ሆኖ አግኝተውታል። አብዛኞቹ ሕሙማን ከእቴቴ በዕድሜ የሚያንሱ ስለሆኑ ቁጥሩን እንዳለ ለእሳቸው ልገለብጠው አልችልም፤ ጋሼን ከ40 ቀኑ ቃል ያላቀቀው ግን ይኸው ጥናት ነው።

ጠበሉን ከዚህ ጋር አልደምረውም። እቴቴ ጠበል መጠመቅ ፈልገው ነበር፤ ሐኪሞቹም ቁስል እስካልነካ ድረስ አልከለከሏቸውም። መድኃኒት መውሰድ እምነት ማጉደል ይሆንብኛል ብለው ሲጨነቁ፣ የንስሐ አባታቸው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ ማስታወቃቸውን አስታውሰው አረጋጓቸው። የንስሐ አባታቸው ጉብኝት ክፍያ የማይጠየቅበት ቢሆንም፣ ካገኘነው ምክር ሁሉ ከበለጡት አንዱ ነበር።

የክኒኑን መንገድ የመከረን ክሊኒክ ከባህል አዋቂው ጋር በአንድ ሚዛን ሊቀመጥ አይገባውም፤ ያቀረበልን ሐሳብ በሕክምናው ዓለም የታወቀ ነው። ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሴቶችን ከፊሎቹን በቀዶ ሕክምና፣ ከፊሎቹን ታሞክሲፈን በሚባለው ክኒን ብቻ ያከሙ በርካታ ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ፣ በሕይወት በመቆየት በኩል በሁለቱ መካከል ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። የክሊኒኩ ሐኪም ይህንን በትሕትና አስረዱን፤ እኛም ደስ ብሎን ወጣን። ያልነገሩን ሁለተኛው ግማሽ ነው። በእነዚያው ጥናቶች ዕጢው እዚያው ጡቱ ላይ እንዳያድግ በመግታት ቀዶ ሕክምናው በግልጽ ይበልጣል፤ በክኒን ብቻ የተያዘ ዕጢ ለጥቂት ዓመታት ተገትቶ ቆይቶ እንደገና ማደግ ሊጀምር ይችላል። ለዚህም ነው ክኒን ብቻውን የሚመከረው በዋናነት ሰመመንና ቀዶ ሕክምናን መቋቋም ለማይችሉ ወይም ራሳቸው ለማይፈልጉ ሴቶች የሆነው። ለልብ ድካም ወይም ለከባድ የመርሳት ሕመም የተዳረጉ እናት ቢሆኑ ኖሮ የክሊኒኩን ምክር ሳላመነታ እቀበለው ነበር። እቴቴን ግን ሐኪሙ ከወንበራቸው እንኳ አላስነሷቸውም፤ ካርዱ ላይ ያለውን ዕድሜ አይተው ነው የወሰኑት።

የሆስፒታሉ ቀዶ ሐኪም መጀመሪያ ያደረጉት እኛን ዝም ማሰኘት ነበር። ወንበራቸውን ወደ እቴቴ አስጠግተው «እማማ፣ ልጆችዎ ብዙ ነገሩኝ፤ አሁን ከእርስዎ ልስማ። ምን እንዳገኘዎት ያውቃሉ?» አሏቸው። እቴቴ ነጠላቸውን አስተካክለው «ነቀርሳ ነው። የደበቁኝ መስሏቸው እንጂ እኔ ካወቅሁት ቆየሁ» አሉ። ሐኪሙ ቀጥለው በጣም የሚፈሩት ነገር ምን እንደሆነ ጠየቁ። «መሞቱን አይደለም፤ መሽተቱን ነው» አሉ እቴቴ። በልጅነታቸው የሚያውቋቸው አንዲት ጎረቤት ጡታቸው ፈንድቶ፣ ሰው አጠገባቸው መቀመጥ እያቃተው መሞታቸውን ያን ዕለት ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስንከራከርበት የቆየው ጉዳይ በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር መልክ ያዘ። ጥያቄው ስንት ዓመት ይጨመርልኝ የሚል ቢሆን ክኒኑና ቀዶ ሕክምናው ተቀራራቢ ነበሩ፤ ዕጢው ቆዳ ሰብሮ እንዳይወጣ የሚል ከሆነ ግን አይቀራረቡም።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ምርመራ ዕድሜን ሳይሆን አቅምን የሚለካ ነበር። እቴቴ ከወንበር ተነሥተው እስከ በሩ ሄደው እንዲመለሱ ተደረገ፤ እጃቸውን ሳይደገፉ ተነሡ። ክብደት መቀነሳቸው፣ ምግባቸውን ራሳቸው መሥራታቸው፣ የሚወስዷቸው መድኃኒቶች በሙሉ፣ ወራትን ወደኋላ መቁጠር መቻላቸው ተጠየቀ። የልብ አልትራሳውንድ ታዘዘ፤ የሰመመን ሐኪሙም በሌላ ቀን ለብቻ አዩዋቸው። የጡት ቀዶ ሕክምና ሆድ ወይም ደረት የማይከፈትበት በመሆኑ አንድ አዛውንት ከሚገጥሟቸው ቀዶ ሕክምናዎች ቀለል ካሉት የሚመደብ መሆኑን የተረዳሁት እዚህ ነው።

ጡቱ በሙሉ ይውጣ ወይስ ዕጢው ብቻ የሚለውም በግልጽ ተብራራ። ዕጢው ብቻ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ የጨረር ሕክምና ይከተላል። ዕድሜያቸው 70 ያለፈ፣ ዕጢያቸው ከ2 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥና ተቀባይ ያለው ሴቶች ከክኒን ጋር ጨረሩን ቢተዉት በሕይወት መቆየታቸው ላይ ለውጥ እንደማያመጣ በጥናት ታይቷል፤ የእቴቴ ዕጢ ግን ከዚያ ይተልቅ ነበር። ጥቁር አንበሳ ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ማዕከል ሆኖ ቆይቷል፤ በቅርብ ዓመታት እንደ ጅማ ባሉ ከተሞች ማሽኖች ቢተከሉም ወረፋው የሚረሳ አይደለም። ለሳምንታት አዲስ አበባ ተቀምጦ መመላለስን እቴቴ አልፈለጉም። «ጡቴስ ሥራውን ጨርሷል፤ ይሂድ» ብለው ራሳቸው ፈረሙ።

ቀዶ ሕክምናው በታቀደለት ሰዓት ተጀምሮ በሰላም ተጠናቀቀ። ሌሊቱ ግን አሁንም ያንገበግበኛል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ እቴቴ ያሉበትን ሳቱ፤ ከ20 ዓመት በፊት ያረፉትን ባላቸውን እየጠሩ ከቁስሉ ፈሳሽ የሚያወጣውን ቱቦ ሊነቅሉ ታገሉኝ። ተረኛዋ ሲስተር «እርጅና ነው፣ እጃቸውን በጨርቅ እሰሩት» ብላ ሄደች። በዕድሜ የገፋ ሰው ከቀዶ ሕክምና በኋላ እንዲህ መቃዠቱ የተለመደና የሚታወቅ ችግር ሆኖ ሳለ፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ቀጠሮዎች ሁሉ ማንም አላስጠነቀቀንም። ጠዋት የመጡት ሐኪም መጀመሪያ የጠየቁት መነጽራቸው የት እንዳለ ነው፤ ለቀዶ ሕክምናው ሲወሰድ መሳቢያ ውስጥ ተረስቶ ነበር። መነጽሩ ተደረገላቸው፣ መጋረጃው ተከፈተ፣ ውኃ በትንሽ በትንሹ ጠጡ፣ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ቀኑና ቦታው ደጋግሞ ተነገራቸው። በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ዓይኔን አይተው «ቡና አልተፈላም እንዴ?» ሲሉኝ ነው ትንፋሼ የተመለሰው።

ከሆስፒታል ስንወጣ የተሰጠን ወረቀት በሙሉ በእንግሊዝኛ ነበር፤ እቴቴንም ሆነ የምታስታምማቸውን የእህቴን ልጅ የሚረዳ አንድ መስመር አልነበረበትም። ክፍያውም አስቀድሞ ከተነገረን በአንድ አምስተኛ ገደማ በልጦ ተገኘ፤ ልዩነቱ የመጣው ከፓቶሎጂ፣ ማለትም ከወጣው ዕጢ የላቦራቶሪ ምርመራ፣ እና ከተጨማሪ የአልጋ ቀን መሆኑን የተረዳነው እኛው አጥብቀን ስንጠይቅ ነው። ይህንን ጉድለት በከፊል የካሰችልን የቁስል ክፍሏ ሲስተር ናት። የቱቦውን ጠርሙስ እንዴት እንደምንደፋ፣ በየጠዋቱ በምልክት በተሰመረ ብርጭቆ እንዴት እንደምንለካ በእጃችን እያስያዘች አሳየችን፤ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚወርደው ከ30 ሚሊ ሊትር ሲያንስ ቱቦው እንደሚወጣ ነገረችን። እቴቴ ጠርሙሷን በቀሚሳቸው ላይ በመርፌ ቁልፍ አያይዘው ነጠላ ደርበውባት አሥራ አንድ ቀን ሰው ሳያውቅባቸው ቤተ ክርስቲያን ሳሙ።

ምክክሩንና ቀዶ ሕክምናውን ከአምስት አምስት፣ የሌሊት እንክብካቤውን ሁለት፣ የመውጫ ማብራሪያውንና የክፍያ ግልጽነቱን ሦስት እሰጣቸዋለሁ። የክኒኑ ክሊኒክ ግማሹን እውነት በሚገባ ስለነገረን ሦስት ይገባዋል። ለባህል አዋቂው ነጥብ የለኝም፤ ለሚቀርቡኝ ሁሉ ግን ወረቀት አንብቦ ለመመለስ እንኳ ያልፈቀደ ሰው ዘንድ አዛውንታቸውን እንዳይወስዱ በግልጽ እነግራቸዋለሁ።

ከብብታቸው የተወሰዱት ንፍፊቶች ካንሰር ስላልተገኘባቸው ጨረር አላስፈለጋቸውም። ክኒኑ ግን አልቀረም፤ ከዓመታት በፊት እግራቸው ላይ ደም ረግቶባቸው ስለነበር፣ የመርጋት አደጋን ከሚጨምረው ታሞክሲፈን ይልቅ ሌትሮዞል የሚባል ሌላ የሆርሞን ክኒን ታዘዘላቸው። እሱ ደግሞ አጥንት ስለሚያሳሳ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ተጨምሮላቸዋል፤ የአጥንት ጥንካሬ ምርመራውም ለጥር ተቀጥሯል። እቴቴ በጠዋቱ አውቶቡስ ብቻዬን እመጣለሁ ብለዋል፤ እኔ ግን ዋዜማውን ሄጄ አድሬ አብሬያቸው እመጣለሁ።