አርፒ2040 ወይስ ኤስቲኤም32ኤፍ072? ለዩኤስቢ ሰሌዳችሁ የቱ ይሻላል?

ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የሽመና ማሽን ዙር እየቆጠረ በዩኤስቢ ለኮምፒውተር የሚልክ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ አላችሁ እንበል። ሰሌዳውን የሚመራው ቺፕ ኤቲሜጋ32ዩ4 ነው። ራሙ (ጊዜያዊ ማህደሩ) 2.5 ኪሎባይት ብቻ ስለሆነ ሥራው ሲሰፋ ጠበባችሁ። አዲስ ቺፕ፣ አርፒ2040ን ወይም ኤስቲኤም32ኤፍ072ን፣ ስትመርጡ ብዙ ሰው ፍጥነት ያወዳድራል። ለእኔ ግን የሚቀድመው ቮልቱና መብራት ሲጠፋ የሚሆነው ነገር ነው።

አሮጌው ሰሌዳ በ5 ቮልት ይሠራል፤ ሲግናሉም 5 ቮልት ነው። አርፒ2040 ከ3.3 ቮልት በላይ አይችልም። በየመስመሩ ቮልት መቀነሻ ልትጨምሩ ነው። ኤስቲኤም32ኤፍ072ም የሚሠራው በ3.3 ነው፤ ግን አብዛኞቹ እግሮቹ 5 ቮልት ቢገባባቸው ይችላሉ። አናሎግ የሚያነቡት አይችሉም፤ ስለዚህ ዳታሺቱን (የቺፑን መግለጫ ሰነድ) ሳታዩ መስመር አትሳሉ።

በዕቃ ብዛትም ኤስቲኤሙ ይቀላል። ፕሮግራሙ የሚቀመጥበት ፍላሽ በውስጡ ነው፤ ለዩኤስቢም ምቱን የሚጠብቅ ክሪስታል አይፈልግም። አርፒ2040 ፍላሽም ክሪስታልም ከውጭ ይፈልጋል። እግሮቹ ከሆዱ ሥር በ0.4 ሚሊሜትር ርቀት የተደረደሩ ስለሆኑ ያለ ሙቅ አየር ማሽን ያስቸግራል። የኤስቲኤሙ ኤልኪውኤፍፒ የሚባለው ባለ 48 እግር ዓይነት ግን እግሮቹ ወደ ውጭ ስለወጡ፣ ፍላክስና ቀጭን ጫፍ ካላችሁ በእጅ ይበየዳል። አርፒ2040ን ከወደዳችሁት ቺፑ የተበየደበትን ፒኮ የሚባል ዝግጁ ትንሽ ሰሌዳ እንዳለ ሰሌዳችሁ ላይ ብየዱት፤ በ2021 ሲወጣ ዋጋው 4 ዶላር ነበር። 264 ኪሎባይት ራም ታገኛላችሁ፤ ኤስቲኤሙ ያለው 16 ነው።

አሁን ወደ መብራቱ። ኤቲሜጋው 1 ኪሎባይት ኢኢፕሮም (መብራት ቢጠፋም የማይጠፋ ማህደር) አለው፤ ቆጠራው እዚያ ይቀመጣል። አዲሶቹ ሁለቱም የላቸውም። ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ግን የተጻፈበትን ቦታ መልሶ ለመጠቀም ኤስቲኤም ላይ 2፣ ፒኮ ላይ 4 ኪሎባይት በአንዴ መሰረዝ ያስፈልጋል። መብራት በዚያ መሃል ድርግም ካለ የፈረቃው ቆጠራ አብሮ ሊሄድ ይችላል። ሠራተኛው የደከመበት ቁጥር ነውና ይህን በዋዛ አትለፉት። 24ሲ32 የሚባለውን ባለ 8 እግር ኢኢፕሮም ጨምሩ፤ መስመሮቹን ከፍ አድርገው የሚይዙትን ፑልአፕ ሬዚስተሮች ከ3.3 ቮልት ጋር አገናኙ። ቆጠራውን ሁለት ቦታ እያፈራረቃችሁ ጻፉ፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል።

ፕሮግራም በመጫን ፒኮ ይበልጣል። ቁልፉን ተጭኖ ዩኤስቢ መሰካት ነው፤ እንደ ፍላሽ ዲስክ ይከፈታል፣ ፋይሉን ጎትቶ መጣል። የጥገና ሠራተኛው ራሱ ይጨርሰዋል። ኤስቲኤሙም በዩኤስቢ ይጫናል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ግን ለብቻው ፕሮግራም ይፈልጋል።

የ5 ቮልት ሰሌዳ ላላችሁ ምክሬ ኤስቲኤም32ኤፍ072 ነው። ከባዶ ለምትጀምሩ፣ በተለይ ለኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪዎች፣ ፒኮ። የቱንም ብትገዙ 24ሲ32ውን አብራችሁ እዘዙ፤ ሰሌዳው ከተሠራ በኋላ ቦታ መፈለግ ጣጣ ነው።