ለጥንቸሎቻችን ሐኪም ምስጋና፣ ጅማ ላላችሁ ደግሞ ጥቆማ

ጅማ ውስጥ ጥንቸል፣ ውሻ ወይም ድመት የምታሳድጉ ሁሉ፣ ይቺን ለናንተ ነው የምጽፈው። ቤት ለቤት እየዞረች የምታክም አንዲት የእንስሳት ሐኪም አለች። ዕድሜና ጤና ይስጣት። እናንተም እንድታውቋት ፈልጌ ነው።

ልጆቼ ጥንቸሎች ከተሰጧቸው ወዲህ ቤታችን የሚገባ ሰው ሁሉ መካሪ ሆነ። አንዱ ዳቦ ስጧቸው ይላል፣ ሌላው ቆሎ፣ ሌላው ፉርሽካ። ማንን ልስማ? ባለሙያ ይንገረን ብዬ እሷን ጠራሁ።

እንደመጣች ከጎጆው በጠጥ አነሳችና በጣቶቿ ፈረከሰችው። ውስጡ የሳር ጭረት ሞልቶታል። "ሆዳቸው ደህና ነው" አለች። ቀጥላ የአንዷን ከንፈር ቀስ አድርጋ ገለጠችና ጥርሷን ለልጆቹ አሳየቻቸው። የጥንቸል ጥርስ ዕድሜ ልክ ያድጋል፤ የፊቱ በሳምንት 2 ሚሊ ሜትር ገደማ። የሚሞርደው ሳር ማኘክ ነው። ስለዚህ ከሚበሉት ከመቶ 80 ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነው ሳርና ድርቆሽ ይሁን አለችን።

ልጄ ግን "ታዲያ የሚጣፍጣቸውስ?" አለቻት። ዶክተሯ ወጥ ቤት ገብታ ያለንን ሁሉ አንድ በአንድ እያነሳች መለሰችላት። ሙዝ በአውራ ጣት ጥፍር ልክ፣ ያውም በሳምንት አንዴ ወይ ሁለቴ። ካሮትም ስኳር ስላለው እንደዚያው። የድንብላልና የበሶብላ ቅጠል ጥሩ ሽልማት ነው፤ የስኳር ድንች ቅጠልም እንዲሁ። ዳቦ፣ ብስኩትና ቆሎ ይቅርባቸው። ስኳርና ስታርች ሲበዛ ሳሩን የሚያብላሉላቸው የአንጀት ባክቴሪያዎች ይቃወሳሉ። ጥንቸል ደግሞ ማስመለስ አትችልም። የገባ ገባ ነው።

አቮካዶ ላይ ስትደርስ ጠበቅ አደረገችው። መቼም የጅማ ጓሮ አቮካዶ አያጣም። ፍሬውም፣ ልጣጩም፣ ቅጠሉም ለጥንቸል መርዝ ነው፤ ልብ ይጎዳል። ቅጠል እንዳይረግፍባቸው ብላ ጎጆውን አብራን ተሸክማ ከዛፉ አራቀችው! ቡና፣ ቸኮሌት፣ የድንችና የቲማቲም ቅጠልም ክልክል ነው። ለዝናባችን ደግሞ ጥሩ ምክር ሰጠችን፦ እርጥብ ሳር ተከምሮ ከሞቀ ወይ ከሻገተ አይሰጥም፤ ጥላ ስር በትኖ ማጠውለግ ነው።

እኔ ከሁሉ በላይ ያከበርኩላት ግን ሐቀኝነቷን ነው። ዋጋዋን ከመምጣቷ በፊት በስልክ ነገረችኝ። ቦርሳዋ ሙሉ መድኃኒት እያለ "አያስፈልጋቸውም" ብላ አንድም ሳትሸጥልን ሄደች። ከመውጣቷ በፊት ያስጠነቀቀችንን ግን እናንተም ያዙት። ጥንቸል ለ12 ሰዓት ያህል ካልበላች ወይም በጠጥ ካልጣለች ነገ ይሻላታል አይባልም፣ ወዲያው ሐኪም ይጠራል። የሰው አሞክሲሲሊን ደግሞ በጭራሽ! በአፍ ከተሰጣት አንጀቷ ተቃውሶ ልትሞት ትችላለች። ሰው ለራሱ ሲያመው ፋርማሲ ሮጦ የሚገዛው እሱን ስለሆነ ነው ደግሜ የምናገረው።

ማታ ደውላ "ሳሩን በሉ?" ብላ ጠየቀችኝ። ለዚህ የሚከፍላት ሰው የለም። ዶክተርዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ጠዋት ጠዋት ለከብት ሕክምና ገጠር ስለምትወጣ ከሰዓት ብትደውሉላት ይሻላል። ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፤ እንድሰጥ ፈቅዳልኛለች።