የወሎፍ የገበያ ቋንቋ ትምህርት በቱሉ ዲምቱ፦ ቃሉ ቀላል፣ ሒሳቡ ከባድ

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አጠገብ ባለ አንድ ሕንጻ ቅዳሜና እሑድ የሚሰጠውን የወሎፍ ቋንቋ ትምህርት ለስድስት ሳምንታት ተከታትዬ ባለፈው ወር ጨርሻለሁ። ልብስ ሰፊ ነኝ። የተመዘገብሁትም ለጨርቅ ግዢ ወደ ሴኔጋል ዋና ከተማ ወደ ዳካር ለመሄድ በማሰቤና በኤች ኤል ኤም የጨርቅ ገበያ ያለ አስተርጓሚ ዋጋ መነጋገር በመፈለጌ ነው። የሴኔጋል የመንግሥት ቋንቋ ፈረንሳይኛ ቢሆንም ገዢና ሻጭ በአብዛኛው የሚግባቡት በወሎፍ ነውና ምርጫዬ አላስቆጨኝም፤ በ6,000 ብር ያገኘሁት ትምህርት ግን ሁሉም እኩል የሚመሰገን አይደለም።

ቃላቱ ከጠበቅሁት በላይ ቀለሉኝ። መግዛት «ጀንድ»፣ መሸጥ «ጃይ» ነው፤ በግሱ ላይ «ካት» ሲጨመር ባለሙያውን ስለሚያመለክት ሻጭ «ጃይካት»፣ ልብስ ሰፊ ደግሞ «ኛውካት» ይባላል፤ በመጀመሪያው ቀን የራሴን ሙያ ስም ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስሁ። አማርኛ «ኘ»ን በቃል መጀመሪያ ላይ እምብዛም ባይጠቀምበትም ድምፁ የራሳችን ስለሆነ ምላሳችን አይቸገርም። «ኻሊስ» የሚለው ቃል ገንዘብንም የብር ማዕድንንም መጥራቱ እንደ እኛው «ብር» ነውና ማንም ተማሪ አልረሳውም። እኛ «ሩዙ»፣ «ውሃው» ስንል ምልክቱን ከቃሉ ኋላ እንደምናስከትል ሁሉ ወሎፍም «ቼብ ቢ»፣ «ንዶኽ ሚ» ይላል፤ ችግሩ ይህች ተከታይ ፊደል እንደየስሙ የምትለዋወጥ መሆኗና እያንዳንዱን ስም ከነፊደሉ ከመሸምደድ ሌላ መንገድ አለመኖሩ ነው።

መምህርታችን ዳካር ተወልደው ያደጉ ሲሆኑ ሰላምታ ሳይለዋወጥ ዋጋ የሚጠይቅ ተማሪን አያስተናግዱም ነበር። «ናንጋ ዴፍ?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው «ማንጊ ፊ» ቃል በቃል «እዚህ አለሁ» ማለት በመሆኑ፣ «እንዴት ነህ?» ሲባል «አለሁ» ብሎ ለሚመልስ ሰው ማስረዳት አላስፈለገም።

የትምህርቱ ዋና ሀብትም፣ ዋና ጉድለቱም ያለው በገንዘብ አቆጣጠሩ ላይ ነው። በአራተኛው ሳምንት መምህርታችን ከበር ላይ ጉሊት የገዙትን ሽንኩርትና ከእኔ ቤት የመጣ ቁራጭ ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ ደርድረው፣ ከወረቀት የተቆረጠ የሴፋ ፍራንክ፣ ማለትም የሴኔጋል ገንዘብ፣ አደሉንና ራሳቸው ሻጭ ሆኑ። ጨርቁን አንስቼ «ኛታ ላ?» ብዬ ዋጋውን ስጠይቅ «ቴሜር» አሉኝ። ቴሜር መቶ መሆኑን ተምሬ ስለነበር መቶ ፍራንክ ቆጥሬ ሰጠሁ። እጃቸውን አልሰበሰቡም፤ አንድ ጊዜ ወረቀቱን፣ አንድ ጊዜ እኔን እያዩ ቆዩ። ለካስ በወሎፍ ገንዘብ የሚቆጠረው በፍራንክ ሳይሆን «ደረም» በሚባል መስፈሪያ ኖሯል፤ አንድ ደረም ደግሞ አምስት ፍራንክ ነው። ስለዚህ «ቴሜር» ያለ ሻጭ የሚጠይቀው 500 ፍራንክ ነው፤ የ1,000 ፍራንኩ ኖት «ኛሪ ቴሜር»፣ ማለትም ሁለት መቶ፣ የ5,000ው ደግሞ «ጁኒ»፣ ማለትም ሺህ ይባላል።

በዚህ ላይ ቁጥሩ ራሱ ከአምስት በኋላ አምስትን እየደገመ ይሄዳል፤ ስድስት «ጁሮም ቤን»፣ ሰባት «ጁሮም ኛር»፣ ማለትም አምስት ከአንድ፣ አምስት ከሁለት ነው። እንግዲህ ሻጩ «ጁሮም ኛሪ ቴሜር» ሲል ገዢው አምስትና ሁለትን ደምሮ ሰባት መቶ፣ ሰባት መቶውን በአምስት አባዝቶ 3,500 ፍራንክ ማለት አለበት፤ ያውም ሰው እየተጋፋ፣ ጨርቁን በእጁ እየዳበሰ። በፈረንጅ አቆጣጠር ዘጠኝ ሰዓት ያለውን ሰው «ሦስት ሰዓት» ብለን ሳናስብ የምንረዳው ከልጅነት ጀምረን ስለለመድነው ነውና ይህም ብዙ ልምምድ እንደሚፈልግ ግልጽ ነው። እንዲህ ያለው ነገር በአራተኛው ሳምንት ሳይሆን በመጀመሪያው ቀን መሰጠት ነበረበት፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ግን በፊደል ተራ የተደረደረ የቃላት ዝርዝር ስናነብ አሳለፍናቸው።

የዋጋ ክርክሩም ክፍል ለጥድፊያ ተዳርጓል። «ዳፋ ሴር» ውድ ነው ለማለት፣ «ዋኚ ኮ» ደግሞ ቀንሰው ለማለት ያገለግላል፤ «ዌቺት» ደግሞ ከከፈልነው ላይ የሚመለስልን ገንዘብ ነው። እነዚህን ቃላት በአፋችን የተለማመድናቸው ግን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ከሁለቱ በአንደኛው መብራት ጠፍቶ በስልክ ባትሪ ብርሃን ስለተማርን ወረቀት ፍራንኮቻችንን መለየት አቅቶን ነበር። ቤት ሆኖ የሚደመጥ የተቀዳ ድምፅ አይሰጥም፤ የሚታደለው ወረቀትም ለብቻው ያስከፍላል። ወሎፍ በጋምቢያም የሚነገር፣ የዚያ አገር ገንዘብም ዳላሲ ሆኖ ሳለ ስለ ባንጁል ገበያ አንዲትም ቃል አልተነሣችም።

ይህ ሁሉ ሆኖ መምህርቷን በሌላ አልለውጣቸውም። አዲስ የሚመዘገብ ሰው ቁጥሩንና ደረሙን ከመጀመሪያው ቀን እንዲጀምሩለት አስቀድሞ ቢጠይቅ እሺ የሚሉ ይመስለኛል፤ ስንሰነባበት ይህንኑ ነግሬያቸው በአማርኛ «ልክ ነህ» ብለውኛል። እኔም በስፌት ቤቴ ግድግዳ ላይ በአንድ ረድፍ ደረሙን፣ በሌላው ፍራንኩን ጽፌ ለጥፌዋለሁ፤ ማሽኑ ላይ ተቀምጬ እያየሁ እለማመዳለሁ፤ እስከ ጁኒ ድረስ ያለውን ወረቀቱን ሳላይ ማስላት ጀምሬያለሁ።