አውሮፕላን በጋራ ለመግዛት ለምታስቡ፦ ስለ አንዲት የአቪዬሽን ጠበቃ ምስጋናና ጥቆማ

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በንግድ ሥራ ላይ የተሰማራን ሦስት ጓደኛሞች፣ ባለ ስድስት መቀመጫ ሴስና 206 በጋራ ለመግዛት ስንመክር በትዕግሥት ላማከሩን የአቪዬሽን ሕግ ጠበቃ፣ በጓደኞቼና በራሴ ስም ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

ይዘን የሄድነው ዋና ጥያቄ፣ ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ኩባንያ) አቋቁመን አውሮፕላኗን በስሙ ብንገዛ፣ አብራሪም ቀጥሮ ቢያመላልሰንና እኛ ወጪውን ብንከፍለው ይፈቀዳል ወይ የሚል ነበር። ጠበቃዋ እንዳስረዱን፣ ከማጓጓዝ በቀር ሌላ ሥራ የሌለው ኩባንያ አውሮፕላንም አብራሪም አቅርቦ ገንዘብ ከተቀበለ፣ ተሳፋሪዎቹ የገዛ ባለቤቶቹ ቢሆኑም እንኳ፣ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር እንደ ንግድ አጓጓዥ ይቆጥረዋል፤ ስለዚህ በፌዴራል የአቪዬሽን ደንብ ክፍል 119 መሠረት የአጓጓዥነት ሰርተፍኬት ማውጣትና በአብዛኛው የኪራይ በረራዎችን በሚገዛው በክፍል 135 መብረር ይጠበቅበታል። ወጪን ብቻ መተካትም ክፍያ ነው፤ «እኛ እኮ አናተርፍም» የሚለው መልስ አያድንም። በእርሳቸው ምክር ኩባንያው አውሮፕላኗን ያለ አብራሪ እንዲያከራየን፣ የንግድ አብራሪነት ፈቃድ ያለውን ሰው ግን እያንዳንዳችን ራሳችን እንድንቀጥርና የበረራውን ኃላፊነት በክፍል 91፣ ማለትም በግል በረራ ደንብ፣ ሥር እንድንወስድ ተደረገ። ውሉን ያረቀቁት መስመር በመስመር እያስረዱን ነው።

ከመካከላችን አንዱ የግል አብራሪነት ፈቃድ ስላለው የወጪ መጋራትም ጉዳይ ተነሥቶ ነበር። እርሱ ሲያበር መጋራት የሚቻለው ነዳጅ፣ ዘይት፣ የኤርፖርት ክፍያና የአውሮፕላን ኪራይ ብቻ ነው፤ ኢንሹራንስና የሃንጋር (የአውሮፕላን ማቆሚያ መጋዘን) ኪራይ አይገቡም። ጠበቃዋ በወረቀት ላይ አስልተው እንዳሳዩን፣ አብራሪውን ጨምሮ አራት ሰው ተሳፍሮ ወጪው 240 ዶላር ቢሆን፣ አብራሪው ቢያንስ 60ውን ከኪሱ መክፈል አለበት፤ መድረሻውም የእርሱም ጉዳይ ያለበት መሆን ይኖርበታል። ለዓመታዊው የእግር ኳስ ውድድር «ክፍት ቦታ አለን» ብለን ቴሌግራም ላይ ብንለጥፍስ ብለን ስንጠይቅ፣ ፈገግ ብለው ፍላይትናው የተባለው የወጪ መጋሪያ ድረ ገጽ በ2015 (እ.ኤ.አ.) በዲሲ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት መሸነፉን ነገሩን፤ ለሕዝብ የሚቀርብ ግብዣ የግል በረራን ወደ ሕዝብ ማጓጓዣነት ይለውጠዋልና።

አማርኛ አይናገሩም፤ ሆኖም ያልገባንን ደጋግመው ከማስረዳት አልሰለቹም፣ ክፍያቸውንም ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ ነው ያሳወቁን። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ስትሄዱ ግን የአውሮፕላኑ ባለቤት ማን እንደሆነ፣ አብራሪውን ማን እንደሚቀጥርና ገንዘቡን ማን ለማን እንደሚከፍል አስቀድማችሁ ጽፋችሁ ያዙ፣ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እርሱን ነው።